ተሠራ ከተባለው በኋላ ምን ተለወጠ?

የመንግሥት ፕሮግራሞች በምን ይመዘናሉ? ለአምበርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ርእሳችን ለቢሮ ሰዎች የተተወ ይመስላል እንጂ የሁላችንንም ጓሮና ማሳ የሚነካ ነው። ከአምበር እስከ ቢቸና፣ ከቢቸናም እስከ ሞጣ ባለው አገር ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያልመጣ ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። መሬት ተደለደለ፤ የይዞታ ደብተር ታደለ፤ ጤና ኬላ ተሠራ፤ ሽንት ቤት ተቆፈረ፤ እርከን ተካበ፤ ጤፍ በመስመር ዝሩ ተባለ። ለእያንዳንዱም ሪፖርት ተጽፎለታል። ዕቅዱ ይህን ያህል፣ ክንውኑ ይህን ያህል፣ አፈጻጸሙ በመቶኛ ይህን ያህል እየተባለ በየስብሰባው ተነብቧል።

የሪፖርቱ ግሶች ግን ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ ተቆፈረ፣ ተከፋፈለ፣ ሠለጠነ፣ ተተከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ መባሉ በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። ከአንድ በጋ በኋላ ስንቱ ጸደቀ? ከሁለት በጋ በኋላስ? የመትከያው ቀን ቁጥር የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ የጸደቀውን ቁጥር የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ ብል ስንት እጅ እንደሚነሣ እናንተው ገምቱ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ነገር የተተረተ ነው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፕሮግራም የሚመዘነው በፈሰሰለት ገንዘብና በተሠራው ሥራ ብዛት አይደለም። ባይመጣ ኖሮ ከምንሆነው ጋር ሲተያይ በኑሯችን ላይ ባመጣው ለውጥ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ የማያዳላ ቆጣሪና የማይፈራ ተቆጣሪ ያስፈልጋሉ። ምሳሌዎቼን ከሩቅ አላመጣም፤ ዓለም ከሚያውቃቸው የፕሮግራም ምዘናዎች አንዳንዶቹ የተካሄዱት እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነውና።

ከጉድጓዱ እስከ ዓይኑ

በትራኮማ እንጀምር። ትራኮማ ምን እንደሚያደርግ ከመካከላችሁ የማያውቅ የለም። የሕፃናቱ ዓይን ያዣል፤ ዝንብ ይወረዋል፤ ሕመሙ እየተመላለሰ የዓይኑን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል፤ በስተርጅና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየቧጠጠ ያሳውራል። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ትራባለች። ስለዚህ የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ከካርተር ማእከል ጋር ሆኖ አራት ነገር አንድ ላይ ይዞ ተነሣ፤ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለሕዝቡ በሙሉ የሚታደል መድኃኒት፣ ፊት መታጠብና ሽንት ቤት።

በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. በሞጣ ዙሪያ፣ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ ሽንት ቤት የመቆፈሩ ዘመቻ ከተጠበቀው በላይ ተቀጣጠለ። ቀድሞ ሽንት ቤት ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። በቅስቀሳ፣ በየቤቱ እንጨትና ጉልበት፣ ያለብዙ የውጭ ገንዘብ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉድጓድ ተቆፈረ። ብዙ ጊዜ ቀዳሚዎቹ ሴቶች ነበሩ። ሜዳ ለመውጣት ጨለማ የሚጠብቁት እነሱ ስለነበሩ ጥቅሙ ቶሎ የገባቸውም እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ሪፖርቱ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ዕቅድ ተሳካ። ተመራማሪዎች ግን ተመልሰው ወደ ገጠሩ ገቡና ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ የተቆፈረው ሽንት ቤት ሥራ ላይ ውሏል ወይ? ይህን ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ እንግዳ ፊት «አንጠቀምበትም» የሚል ማን አለ? ስለዚህ ዓይን ይሠራል። ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ተረግጧል ወይስ ሣር በቅሎበታል? መግቢያው ላይ ሸረሪት አድርቷል? አመድ ተነስንሷል? ክዳን አለው? ሕፃናቱስ የት ይወጣሉ? የሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ይማራል።

እንግዲህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አራት ደረጃዎች እንዳሉ ልብ በሉ። መጀመሪያ የገባው ገንዘብና ሰው አለ። ቀጥሎ የተሠራው ሥራ፣ ማለት ጉድጓዱ ይመጣል። ሦስተኛው ሰው በተሠራው መጠቀሙ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተጀመረበት ዓላማ ነው፤ የልጁ ዓይን ዳነ ወይ? አብዛኛው የመንግሥት ሪፖርት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። አንዳንዱ እንዲያውም አንደኛው ላይ ቆሞ፣ በጀት በሙሉ ሥራ ላይ መዋሉን እንደ ስኬት ያበሥራል። ገንዘብ ማለቁ ግን ገንዘብ ማለቁን ብቻ ነው የሚነግረን።

በጎንቻ ሲሶ እነሴ የተጣለው ዕጣ

አራተኛውን ደረጃ ለመለካት አስቸጋሪ የሚያደርገው አንድ ጥያቄ አለ፤ ፕሮግራሙ ባይመጣስ ኖሮ? በሽታ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፤ ዝናብ ሲሰምር ሰው ይጠግባል፤ መንገድ ሲገባ ገበያው ይሞቃል። ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ ያለውን ብቻ ካስተያየን ዝናቡ ያመጣውን ለባለሥልጣን እንሰጣለን፤ ድርቁ ያጠፋውንም በባለሙያው ላይ እናላክካለን።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች በጣም ንጹሕ ከሆኑት አንዱ በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ተገኝቷል። በ1998 ዓ.ም. የካርተር ማእከል፣ የክልሉ ጤና ቢሮና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፕሮክተር የዓይን ምርምር ተቋም በጋራ አንድ ጥናት ጀመሩ። የወረዳውን ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ መደቧቸው። በአንዳንዶቹ የትራኮማው መድኃኒት፣ አዚትሮማይሲን፣ ለሕፃናት በየሦስት ወሩ ታደለ፤ በሌሎቹ ለሁሉም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ታደለ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ አንድ ዓመት ቆይተው እንዲጀምሩ ተደረገ።

በዕጣ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ባለሥልጣን መርጦ ቢሆን ኖሮ ለመንገድ የቀረበው፣ ሊቀ መንበሩ ጎበዝ የሆነው፣ ወይም ችግሩ የባሰው ቀበሌ ይቀድም ነበር። ያኔ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ይሁን መንገዱ መለየት አይቻልም። ዕጣ ግን ዘመድ አያውቅም። በዕጣ የተለዩ ቀበሌዎች ደጋውም ቆላውም፣ ሀብታሙም ድሃውም በሁለቱም ወገን ተመጣጥኖ ስለሚገኝ ከዓመት በኋላ የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ የመጣ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. በዓለም ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ታተመ። መድኃኒቱን በየሦስት ወሩ በወሰዱት ሕፃናት ዘንድ በዓይን ውስጥ የተገኘው የትራኮማ ጀርም ከ48.4 ከመቶ ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ። ራሳቸው መድኃኒቱን ባልወሰዱት የእነዚያው ሰፈሮች ትልልቅ ሰዎች ዘንድ እንኳ በሽታው ቀነሰ፤ ልጁ ሲድን እናቱን የሚያስይዛት የለምና።

ያልተጠበቀው ነገር ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ የሕዝብ ቆጠራ በየጊዜው ያካሂዱ ስለነበር የሞቱትን ሕፃናትም መዝግበው ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል መድኃኒቱ ባልታደለባቸው ቀበሌዎች የሞት መጠኑ በዓመት ከሺህ 8.3 ሲሆን፣ በታደለባቸው 4.1 ነበር፤ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ለዓይን ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት ሌሎች ኢንፌክሽኖችንም ሳይመታ አልቀረም። ከዚህ በመነሣት በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ እጅግ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ በ2010 ዓ.ም. በኒጀር የሕፃናት ሞት በ18 ከመቶ ያህል መቀነሱ ተረጋገጠ። ከጎንቻ ገጠር የተነሣ ቆጠራ የዓለምን የሕፃናት ሕክምና ሐሳብ ለወጠ። ማነጻጸሪያ ቀበሌ ባይኖር፣ ሞት ባይመዘገብ፣ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ያው ጥናት መራራም መልስ ሰጥቷል። በሌሎች 24 ንዑስ ቀበሌዎች ሁሉም መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በግማሾቹ ሽንት ቤት የማስቆፈሩ ሥራ በብርቱ ተካሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ የጀርሙ መመለስ ሽንት ቤት በብርቱ በተቆፈረባቸውና በሌሎቹ ንዑስ ቀበሌዎች መካከል የሚታይ ልዩነት አልነበረውም። ይህ ማለት ሽንት ቤት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ለተቅማጥ፣ ለክብር፣ ለሴቶች ደኅንነት ያለው ጥቅም ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትራኮማን ለመግታት ግን ብቻውን አልበቃም። ከብዙ ዓመት የመድኃኒት እደላ በኋላም በክልላችን በብዙ ወረዳዎች የትራኮማ ስርጭት በሽታውን ለማጥፋት ከተቀመጠው የ5 ከመቶ ጣሪያ በላይ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ምዘና የምንፈልገውን ሳይሆን ያለውን ይነግረናል። የምንወደውን ሥራ ሲነካብን ታዲያ መቅጣት የሚገባን መርማሪውን አይደለም።

ደብተሩ ምን አመጣ?

ዕጣ ሁልጊዜ አይጣልም። ባይጣልም መንገድ አለ፤ የይዞታ ደብተሩ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል በምሥራቅ ጎጃም ምን እንዳደረገ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በደርግ ጊዜ ሹም ነበርህ፣ «ቢሮክራት» ነህ እየተባለ የስንቱ መሬት ተቆረሰ፤ ገበሬው አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ነገ ደግሞ ይደለደል ይሆናል» የሚለው ሥጋት ከገበሬው ልብ አልወጣም። ነገ ለሌላ የሚሰጥ ማሳ ላይ ደግሞ ማን እርከን ይክባል? ማን ዛፍ ይተክላል?

ክልሉ በ1990ዎቹ አጋማሽ ይዞታን መመዝገብና ደብተር መስጠት ሲጀምር፣ ከስዊድን መንግሥት በተገኘ ድጋፍ ሥራው ቀድሞ ከተሞከረባቸው ዞኖች መካከል ምሥራቅ ጎጃምና ደቡብ ወሎ ነበሩ። ሥራው ቀላልና ርካሽ ነበር። የየቀበሌው ኮሚቴ ድንበርተኞችን አቁሞ በገመድ እየለካ ይመዘግባል፤ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ይሰፍራል። ሁሉም ቀበሌ ግን በአንድ ቀን አልተመዘገበም። አንዱ ቀደመ፣ ሌላው ዘገየ። ይህ መዘግየት፣ ለገበሬው ሰልችቶት ሊሆን ቢችልም፣ ለመዛኞች ሲሳይ ሆነ። ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌውና ተኪኤ ዓለሙ ከእነዚሁ ሁለት ዞኖች የተሰበሰበውን መረጃ ይዘው፣ ያው ቤተሰብ ከደብተሩ በፊትና በኋላ የነበረውን ሁኔታ ደብተር ከዘገየባቸው ቀበሌዎች ጋር አነጻጽረው በ2003 ዓ.ም. አሳተሙ። ደብተር የያዙት መሬታችንን እንቀማለን የሚለው ሥጋታቸው ቀነሰ፤ በእርከንና በአፈር ጥበቃ ላይ የሚያፈሱት ጉልበት ጨመረ፤ መሬት ማከራየትና መከራየትም ተበራከተ። ጥቅሙም ከወጪው በእጅጉ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ፕሮግራም ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሊዳረስ ካልቻለ፣ ብዙ ጊዜም ስለማይችል፣ ቀድሞ የሚጀምረውንና የሚቆየውን በግልጽና በፍትሕ እንለይ፤ በሁለቱም ቦታ ከመጀመሩ በፊት እንቁጠር። የሜክሲኮ መንግሥት በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለድሃ ገጠር ቤተሰቦች ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ላኩ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱ እያለ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሲጀምር ያደረገው ይህንን ነው። ከ506 መንደሮች 320ዎቹ ቀደሙ፤ 186ቱ ቆይተው ገቡ። ውጤቱ ተለክቶ ስለተገኘ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥልጣን የያዘው ተቃዋሚ ፓርቲ እንኳ ፕሮግራሙን ስሙን ለውጦ አስፋፋው እንጂ አላጠፋውም። ማስረጃ ያለው ሥራ ሹም ሲሻርም ቶሎ አይሻርም።

የማሳያው ማሳና የገበሬው ማሳ

አሁን ወደ ጤፋችን እንምጣ። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴርና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ጤፍ በመስመር ይዘራ የሚል ዘመቻ በአገር ደረጃ ጀመሩ። ሐሳቡ ጤነኛ ነው። በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ ዘር ይፈስሳል፤ ቡቃያው ተፋፍጎ ይቀጭጫል፤ አገዳው ቀጥኖ ይጋሸባል። በመስመር ሲዘራ ዘሩ እስከ 5 ኪሎና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ቡቃያ ብርሃንና ምግብ ያገኛል። በሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ላይ የታየው ምርት የሚያስጎመጅ ነበር።

የገበሬው ማሳ ግን የማሳያው ማሳ አይደለም። ጤፍ የሚዘራው ዝናቡ በበረታበት ጊዜ ነው። ዋልካው ጭቃ ሆኖ እግር ሲይዝ፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር እየለኩ ቦይ ማውጣት፣ ክዳኑ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ እንደ አሸዋ የደቀቀ ዘር እያንጠባጠቡ ማጎንበስ ስንት ሰው ይፈልጋል? ጎረቤት ወንፈል ልጥራ ቢሉት እሱም በዚያው ሳምንት የራሱን ይዘራል። በኦሮሚያ ክልል ገበሬዎች በዕጣ ተለይተው በተካሄደ ጥናት በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ የተገኘው የምርት ጭማሪ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ግን በጣም ከፍ አለ። በአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት ቢጨምርም በአንድ ሰው የሥራ ቀን የሚገኘው ቀነሰ።

እንግዲህ ይህ ፕሮግራም ተሳካ ወይስ ከሸፈ? መልሱ የሚወሰነው በየትኛው መስፈሪያ እንደምንለካው ነው። መሬት ጠቧት ልጆች የሞሉላት ቤት ሊጠቅም ይችላል፤ ጉልበት ለሌላት ትዳር አልባ ሴት ላይጠቅም ይችላል። ሪፖርቱ ግን የሚቆጥረው «በመስመር የተዘራ ሄክታር» ስለነበር ሁለቱን አይለያቸውም። ሰው የሚለው ሌላ ነው፤ ማሳው ዳር ለጉብኝት በሚታይበት በኩል ጥቂት መስመር አውጥቶ መሀሉን በብተና የዘራ አልነበረም ወይ? ይህን የምለው ገበሬውን ለመንቀፍ አይደለም። ገበሬው በማሳው ላይ ሂሳብ ሠርቶ ድምፁን ሰጥቷል፤ ያንን ድምፅ ያልሰማው ሪፖርቱ ነው።

ደርሷል ወይስ ደርሷል ተብሏል?

አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራም ውጤት ያጣው ሐሳቡ ስለተሳሳተ ሳይሆን በታሰበው መጠን ሳይደርስ ቀርቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዘና ያሳየው ይህንን ነበር። ተጠቃሚዎቹ በአማካይ ሲታዩ ብዙ ለውጥ አልታየባቸውም፤ ምክንያቱም ለብዙዎቹ የደረሳቸው ክፍያ ከታቀደው እጅግ ያነሰ ነበር። ቆየት ብሎ በተካሄደው ምዘና ግን አምስት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሚራቡባቸው ወራት በ1.29 ወር አጥረው ተገኙ። ሲጓደል የማይሠራ፣ በልኩ ሲሰጥ የሚሠራ ነገር ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ምዘና ብቻ ይዞ «ሴፍቲኔት አይጠቅምም» ያለ ይሳሳት ነበር፤ ጉድለቱን ሸፍኖ «ሁሉም ደርሷል» ያለም ያሳስት ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽኑም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመድበው ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተሰማሩ። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከሺህ ውልደት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆነ። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹን ደግማችሁ ተመልከቱ፤ ከ166 ወደ 123 የወረደው ፕሮግራሙ ገና ዳዴ በሚልበት ጊዜ ነው። ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ መንገዱም፣ የእናቶች ትምህርትም ድርሻ አላቸው። የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን በዝናብና በፀሐይ ለሠሩት ሥራ ክብር ይገባቸዋል፤ ክብሩ ግን የሌላውን ድርሻ በመደመር መሆን የለበትም።

የሚፈራ ተቆጣሪ እውነት አይናገርም

እስካሁን ስለ ቆጠራ ዘዴ ተናገርሁ። ዘዴው የቱንም ያህል ቢያምር ሰው ከፈራ ቁጥሩ ውሸት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሠራተኞች የምርት መጠን ሲገምቱ አራት በአራት ሜትር የሆነ ቦታ በማሳው ውስጥ ከልለው፣ አጭደው፣ አድርቀው ይመዝናሉ። ዘዴው ጥሩ ነው። ገበሬው ግን ሜትር የያዘ እንግዳ ማሳው ውስጥ ሲገባ የሚያስበው ሌላ ነው።

የሚያስበውም ያለ ምክንያት አይደለም። የጎጃም ሰው መሬቱ እንዳይለካ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ታግሏል፤ ልኬታው ርስቱን ሊነጥቀው የመጣ ይመስለው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲመጣ፣ የገበሬውን ምርት ገምተው ግብር የሚጥሉ ሰዎች ሲሰማሩ፣ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። ጦር ዘመተ፤ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። ኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ። ከዚያ የደርግ የእህል ኮታ መጣ፤ ከዚያ የ1989ኙ ድልድል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቆጠራ የመጣው ለመውሰድ ነው። ስለዚህ በሬውን ደብቆ፣ እህሉን አሳንሶ መናገር ለገበሬው ራስን መከላከል ሆነ። ዛሬም በስብሰባ ላይ «ችግር አለ ወይ?» ሲባል አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ዝም አይነቅዝም ይባላልና።

ከላይ ያለውም ይፈራል። የቀበሌው ባለሙያ ቁጥሩ ካነሰ ይገመገማል፤ ወረዳው ካነሰ ዞኑ ይቆጣዋል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ካምቤል ሹመትና ቅጣት የተንጠለጠለበት ቁጥር የመበላሸት ዕድሉ እየጨመረ እንደሚሄድ ያስተማረው ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ እኛ አገር ይህን ለመረዳት መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ መዝኖ ራሱ ሪፖርት ካደረገ፣ ከዚያም በሪፖርቱ ተሹሞ ወይም ተቀጥቶ ከሆነ፣ የምናገኘው ምዘና ሳይሆን የመከላከያ መልስ ነው።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰው ግጭት ደግሞ ነገሩን አክብዶታል። መዝገብ በማይያዝበት፣ ባለሙያ በማይንቀሳቀስበት ቦታ ፕሮግራምም ምዘናም ይቆማሉ። ሰላም ሲሰፍን መልሶ ግንባታው ብዙ ገንዘብ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የዛሬው ትምህርታችን ይበልጥ ያስፈልገናል።

እኛስ ምን እናድርግ?

አገሪቱ መዛኝ የላትም አልልም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሂሳብ ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲትም ያካሂዳል፤ ገንዘቡ ለታለመለት ውጤት መዋሉን ይመረምራል። ክልሉም የራሱ ዋና ኦዲተር አለው። ምክር ቤቶች ሪፖርቱን የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው። ዩኒቨርሲቲም በቅርባችን አለ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ወረዳችን አነደድ ደጃፋቸው ላይ ናት፤ ከአንድ ሰዓት መንገድ አትርቅም። ትልቁ ኦዲተር ግን በየስብሰባው የሚቀመጠው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም መጣ ሲባል አምስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ዓላማው የማንን ኑሮ፣ በምን ያህል፣ እስከ መቼ ለመለወጥ ነው? ከመጀመሩ በፊት ያለው ሁኔታ ተቆጥሮ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል? ቀድሞ የሚጀምረውና የሚቆየው ጎጥ እንዴት ተለየ? ከዓመት በኋላ የሚመዝነው ሥራውን ከሠራው ሌላ ሰው ነው? ውጤቱ፣ መጥፎም ቢሆን፣ ለእኛው ተመልሶ ይነበባል? እነዚህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ምዘና ገንዘብ ያባክናል ለሚሉም መልሱ አጭር ነው። የማይሠራ ፕሮግራም ለዐሥር ዓመት መቀጠል ከማንኛውም ጥናት ይበልጥ ውድ ነው።

ለባለሥልጣኖቻችን የማቀርበው ልመና ደግሞ አንድ ነው። ገበሬው የሰጣችሁን ቁጥር ለግብር፣ ለመዋጮ ወይም ለቅጣት አታውሉት፤ ባለሙያውንም ስላነሰ ቁጥር ሳይሆን ስለ ውሸት ቁጥር ብቻ ጠይቁት። ይህ ቃል በዐዋጅ ተጽፎ በሥራ ካልተጠበቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

እናንተም በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ «ስንት ተሠራ?» ተብሎ ሲነበብላችሁ አጨብጭባችሁ አትነሡ። እጃችሁን አውጥታችሁ «ምን ተለወጠ? በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ አድርጉ።